አሥራ ሦስት ፎቶ፣ አሥራ አራት መቃብር

ራህማ ስድስተኛው ፎቶ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። አምስቱን አንድ በአንድ አይታ፣ «አይደለም» እያለች፣ ፊታቸውን ወደ ታች ደፍታ ነበር ያስቀመጠቻቸው። ይኸኛውን አልደፋችውም። ወደ በሩ ብርሃን አዞረችው፤ አቀረበችው፤ መልሳ አራቀችው።

«ይሄ ጆሮ የሀምዳን ነው» አለች።

ባለ ፎቶ ቤቱ ሙዘይን ከባንኮኒው ወዲያ ቆሞ ይጠብቃል። እነዚህን ፎቶዎች ሊያይ ለመጣ ሰው ቃል ማቀበል እንደማይገባ ባለፉት ሦስት ዓመታት ተምሯል።

«ጫፏ የጎደለች ናት። በአራት ዓመቱ የጎረቤት ውሻ ነው የነከሰው። በጨው ያጠብኩለት እኔ ነኝ።» ፎቶውን ወደ እሱ ዘረጋችና ቀጠለች፤ «ዓይኑ ግን የሱ አይደለም። አፉም አይደለም። የሰው ጆሮ እንዴት በሌላ ሰው ፊት ላይ ይገኛል፣ ወንድሜ?»

ሙዘይን ፎቶውን ተቀብሎ አየው። ሺህ ጊዜ አይቶታል። ደብዛዛ ነው፤ ድርብርብ ያለ ነው። ያን ቀን እጄ ስለተንቀጠቀጠ ነው ሲል ነበር የኖረው።

ያን ቀን የሚለው፣ ጦርነቱ በሐይቅ ከተማ ላይ ያለፈበትን የኅዳር ቀን ነው። መሸሽ የቻለ ሸሽቶ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ በአስፋልቱ ዳርና በማሽላው እርሻ ውስጥ አሥራ አራት አስከሬን ቀርቶ ነበር። ከከተማው ሰው አንዱንም የሚያውቃቸው የለም፤ መንገደኞች ናቸው። ሙዘይን፣ መሪጌታ እንየው፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉት ሸህ ኑርዬና ሌሎች አራት ሽማግሌዎች ሆነው ከሐይቁ በላይ ያለው ተዳፋት ላይ በአንድ ረድፍ ቀበሯቸው። እስላሙንና ክርስቲያኑን መለየት ስላልተቻለ ሸህ ኑርዬ በሁሉም ላይ ሰገዱ፤ መሪጌታም በሁሉም ላይ ጸሎት ደገሙ።

መብራት ከጠፋ ሳምንታት አልፈው ነበር። ስልኩም ሆነ አዲሱ ካሜራ የሚሞላበት አልነበረም። ሙዘይን በጎረምሳነቱ ይሠራባት የነበረችውን፣ ባትሪ የማትፈልገውን የፊልም ካሜራ ከሳጥን አውጥቶ፣ ቀኑ ካለፈበት አንድ ጥቅል ፊልም ጋር ይዟት ወጣ። ዘመዶቻቸው አንድ ቀን ይመጣሉ ብሎ ነው። መሪጌታ እንየው ደግሞ የየአንዳንዱን ልብስና ምልክት ሊጽፉ ወረቀት ይዘው መጥተው ነበር። ከተራራው በኩል ተኩስ ይሰማል። ያኔ ሙዘይን፣ «ጊዜ የለንም መሪጌታ። ፊልሙ ራሱ ይቆጥርልናል። የመጀመሪያው ፎቶ የመጀመሪያው መቃብር ነው፤ ሁለተኛው ሁለተኛው» አላቸው። መሪጌታም ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

መብራት መጥቶ ፊልሙን ሲያጥበው አሥራ ሦስት ፊት ብቻ አገኘ። የመጨረሻውን በጥድፊያ ሳላነሳው ቀርቻለሁ ብሎ አሰበ። በፎቶዎቹ መካከል ያለው ክፍተትም እኩል እንዳልሆነ አይቷል፤ አንዱ ሰፊ ነው፣ አንዱ ሊነካካ ምንም አልቀረው። ፊልሙ ስላረጀ ነው ብሎ አለፈው። በዚያ ሰሞን ፎቶ ቤቱ በራፍ ላይ ሰው ከማለዳ ጀምሮ ይሰለፍ ነበር፤ ፎቶውን እንጂ ክፍተቱን የጠየቀው አልነበረም።

ራህማ ከውጫሌ ማዶ ካለ ቀበሌ ነው የመጣችው። ልጇ ሀምዳን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ወደ ሳዑዲ እሄዳለሁ ብሎ ወጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያ ነው ብላ ኖረች። ድምፁ ሲጠፋ ታስሮ ነው፣ ስልክ ተቀምቶ ነው እያለች ለራሷ መልስ ትሰጥ ነበር። ባለፈው ወር ከዚያው ተጠርዞ የመጣ የአገሯ ልጅ፣ «ሀምዳን እኮ ከእኛ ጋር አልተሻገረም። ታሞ ከመንገድ ተመለሰ። ሐይቅ ላይ ነው የተለያየነው» አላት። ለዚህ ነው የዘገየችው።

«አብሽሪ» አላት ሙዘይን። «እስከ ዙሁር ሰላት ጊዜ ስጪኝ። እዚህ ቁጭ በይ።»

ካሜራዋን ከጨርቋ ፈታት። ከቀብሩ በኋላ ፊልሙን አውጥቶ ከጠቀለላት ወዲህ ነክቷት አያውቅም። የተበላሸ ፊልም ፈልጎ አጎረሳት፤ የጀርባ ክዳኗን ግን አልዘጋውም፤ ፊልሙ ሲሄድ በዓይኑ ማየት ፈለገ። ምስሉ በሚያርፍበት መስኮት ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመረ። መጎተቻዋን በአውራ ጣቱ ስቦ መስመሩ የት እንደደረሰ አየ፤ በፊልሙ ዳር ያሉትን ቀዳዳዎችም ቆጠረ። አንድ ፎቶ የስምንት ቀዳዳ መንገድ ነው። ስምንት ሆነ። ደግሞ ሳበ። ስምንት። ሦስተኛም፣ አራተኛም ስምንት።

ራህማ ከበርጩማው ላይ ሆና እጁን ታያለች።

«ካሜራዋ ናት የታመመችው?»

«ይመስለኛል።»

«አሁን ግን ደህና ናት መሰለኝ። ፊትህ እንደዛ ይላል።»

«አሁን ደህና ናት። ያን ቀን እንዴት እንደነበረች ነው የቸገረኝ።»

ካሜራዋን ገለበጣት። ከሆዷ በታች አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች። ፊልሙ አልቆ ወደ ቆርቆሮ ቤቱ ሲጠቀለል የምትጫን ናት፤ እሷ ስትጫን ፊልሙን የሚጎትተው ጥርሳም ዘንግ ፊልሙን ይለቀዋል። ሙዘይን በጥፍሩ ጫናት። ወረደች፤ ግን አልተመለሰችም። አጉሊ መነጽሩን አምጥቶ ሲያይ በቁልፏ ዙሪያ የደረቀ ጥቁር አፈር ተጠቅጥቋል። ጥቂቱን በመርፌ ፈለፈለው። ቁንጥር የማትሞላ አፈር ወረቀቱ ላይ ወደቀች።

አፈሩ የት እንደገባባት ወዲያው ታወቀው። ሰባት ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም ዕድሜያቸው የገፋ። ስድስተኛውን ካነሳ በኋላ ከሽማግሌዎቹ አንዱን ወገቡን ያዘውና መሸከም አቃተው። ሙዘይን ካሜራዋን የተቆፈረው አፈር ቁልል ላይ አስቀምጦ የሟቹን እግር ያዘ። አወረዱት፤ አፈር አለበሱት። ከዚያ ካሜራዋን አንስቶ በእጅጌው ጠረግ አድርጎ ሰባተኛው ላይ ጎንበስ አለ።

ቁልፏን እንደተቀረቀረች ትቶ መጎተቻዋን እንደገና ሳበ። እንደ ጤነኛ እስከ መጨረሻው ሄደች፤ ከላይ ያለችው ቆጣሪም አንድ ቁጥር ጨመረች። ፊልሙ ግን የተንቀሳቀሰው አንዲት ቀዳዳ ብቻ ነው። ደግሞ ሳበ፤ ሰባት። ደግሞ፤ ዘጠኝ ተኩል።

ቆጣሪዋ የምትቆጥረው የእጁን መሳብ ነው፤ የፊልሙን መሄድ አይደለም። ያን ቀን ፊልሙን ሲያወጣ ቆርቆሮው ላይ ከቆጣሪዋ አይቶ «14» ብሎ ጽፎ ነበር። አሥራ ሦስት ፊት ሲያገኝ በድንጋጤ አንዴ አብልጬ ስቤ ይሆናል ብሎ ቁጥሩን ናቀው። አሥራ አራት ጊዜ ግን አንስቷል። የመጨረሻውንም አንስቶታል።

የታጠበውን ፊልም፣ ነጋቲቩን፣ ከፖስታው አውጥቶ መስኮቱ መስታወት ላይ ዘረጋው። ከአንድ እስከ አምስት ያሉት በእኩል ክፍተት ተደርድረዋል። ከስድስተኛው ወዲያ ያሉት አራቱ አንዱ ሰፍቶ አንዱ ጠቦ ይሄዱና በኋላ ይስተካከላሉ። ስድስተኛው ራሱ ከሌሎቹ በአንዲት ቀዳዳ ወርድ ይሰፋል። ሁለት ዳርቻ አለው። አንደኛው ወደ አምስተኛው በኩል፣ ሁለተኛው ወደ ሰባተኛው በኩል ወጣ ብሏል። ጆሮዋ ያለችበት ፊት ወደ ሰባተኛው በኩል ያለው ነው።

«እህቴ» አለ። «ይሄ አንድ ሰው አይደለም። ሁለት ናቸው። የመጀመሪያውን ካነሳሁ በኋላ ፊልሙ አልሄደልኝም ነበር። ልጅሽን እሱ ላይ ነው የደረብኩት።»

«መቃብራቸውም አንድ ነው?»

«አይ። መቃብሩ ለየብቻ ነው። አንድ ላይ ያደረኳቸው እኔ ነኝ፤ እዚህ ላይ።»

«የሀምዳን የቱ ነው?»

«ሰባተኛው።»

«በምን አወቅክ?»

ነጋቲቩን አቅርቦ ሁለቱን ዳርቻዎች አሳያት፤ ፊልሙ በየት በኩል እንደሚሄድ፣ የቱ ፊት ቀድሞ የቱ ተከትሎ እንደተነሳ ነገራት። ምን ያህሉን እንደተረዳችው አላወቀም። እሷ የምታየው ያችኑ ጆሮ ነበር።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች በመጨረሻ፤ በለሆሳስ። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ሙዘይን ለመሪጌታ እንየው ደውሎ እንዲመጡ ከለመናቸው በኋላ ነው ቀሪው ነገር የመጣበት። ስድስተኛው ፎቶ ሁለት ሰው ከሆነ፣ ሰባተኛው ፎቶ ስምንተኛው መቃብር ነው። ስምንተኛው ዘጠነኛ። ዘጠነኛው አሥረኛ። እስከ ዛሬ ዘመድ ከለያቸው አራት ሰዎች ሦስቱ ከአንድ እስከ አምስት ባሉት ውስጥ ናቸው፤ እነሱን ምንም አይነካቸውም። አራተኛው ዝናቡ ነው። ፎቶው ዘጠነኛው ነው። ሙዘይን የዝናቡን ሚስት ወይኒቱን እጇን ይዞ ወስዶ፣ «ይሄ ነው፤ እርግጠኛ ነኝ» ብሎ ያሳያት ዘጠነኛውን መቃብር ነው።

ወይኒቱ በዚያ መቃብር ምክንያት ነው አምባሰል ያለ ቤቷን ዘግታ ሐይቅ የገባችው። ዳገቱን ሳትወጣ የሚያልፍ ሳምንት የለም። መቃብሩን በሲሚንቶ አሠርታ መስቀል አቁማበታለች። የፊታችን ቅዳሜ ደግሞ አፅሙን አስነስታ፣ አባቶቹ ወደተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ይዛው አገሯ ልትገባ ነው።

ከዙሁር በኋላ ሦስቱ ሆነው ወደ ተዳፋቱ ወጡ። ሐይቁ ከሥር ጸጥ ብሎ ይታያል፤ አንድ ታንኳ ከዳር ርቃ ቆማለች። ሙዘይን ከመጀመሪያው ድንጋይ ጀምሮ ጮክ ብሎ ቆጠረ። ሰባተኛው ላይ ቆመ። ከተደረደረ ድንጋይና ከደረቀ ሣር በቀር ምንም የለበትም።

ራህማ ተቀመጠች። ድንጋዩን በእጇ ዳበሰችው፤ የሕፃን ግንባር እንደሚዳበስ። ከዚያ መዳፎቿን ዘርግታ ረጅም ዱዓ አደረገች። መሪጌታ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዞር ብለው ቆሙ። ስትጨርስ ዓይኗን አበሰችና ወደ ቀኝ አየች፤ ከሲሚንቶው በላይ ወደቆመው መስቀል።

«የዚህኛው ወገኖች አግኝተውታል» አለች። «አልሐምዱሊላህ። ደህና አድርገው ነው የያዙት።»



ከአስር ሰላት በፊት በውጫሌ ሚኒባስ አሳፈሯት። ቤተሰቧን ይዛ እንደምትመለስ፣ ለልጇ ሰደቃ እንደምታወጣ ነገረቻቸው። መኪናው ከሄደ በኋላ፣ የዘጠነኛውን ነገር ዳገቱ ላይ በሹክሹክታ የተነገራቸው መሪጌታ እንየው፣ «ስንት ጊዜ ቆጠርከው?» አሉ።

«አራት ጊዜ።»

«ቅዳሜ ነው የሚነሳው። ሳጥኑ ተሠርቷል። ካህናቱም ቀጠሮ ይዘዋል።»

«አውቃለሁ።» ሙዘይን መሬት መሬት እያየ ሄደ። «ዝም ብንልስ፣ መሪጌታ? ከእኔና ከአንቱ በቀር የሚያውቅ የለም። እሷ ባሏን ቀብራ ትገባለች። ልቧ ያርፋል።»

መሪጌታ ወዲያው አልተቆጡም። እሳቸውም መንገድ ላይ ሲያስቡት የመጡት ነገር ይመስላል።

«ልቧስ ያርፋል» አሉ። «ዘጠነኛው ግን የማን ልጅ ነው? ነገ እንደ ዛሬዋ አንዲት እናት ብትመጣ፣ ከውጫሌ ይሁን ከየት፣ ምን ልታሳያት ነው? ባዶ ጉድጓድ?»

«እንግዲያው አንቱ ይንገሯት። ሃይማኖታችሁ አንድ ነው፤ ቃልዎን ትሰማለች።»

መሪጌታ ቆሙ። «ያን ቀን ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ የከተትኩት እኔ ነኝ። እሱ የእኔ ዕዳ ነው፤ ስጸልይበት እኖራለሁ። እርግጠኛ ነኝ ብለህ ያሳየሃት ግን አንተ ነህ። አብሬህ እቆማለሁ እንጂ በአንተ አፍ አልናገርም።»

የወይኒቱ ቤት ከአሣ አስጋሪዎቹ መንደር ጥግ ያለች የኪራይ ክፍል ናት። ሌላ ቀን በዚህ ሰዓት በራፏ ላይ አሣ እየጠበሰች ትሸጥ ነበር። ዛሬ ድስቱ ታጥቦ ተደፍቷል፤ ፍራሽና ልብስ በገመድ ታስሮ ግድግዳ ተደግፏል። እሷ አልጋው ጫፍ ተቀምጣ የአዲስ ነጭ አቡጀዲ ጠርዝ ትሰፋለች። ከሞት በኋላ የሚለበስ ጨርቅ መሆኑን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገም።

«አያ ሙዘይን» አለች ብድግ ብላ። «ልልክብህ ነበር። ቅዳሜ ሲነሳ ፎቶ እንድታነሳልን። መሪጌታ፣ ይግቡ እንጂ። መቀመጫውን ሁሉ አሰርኩት።»

«ቆመን ይሻላል» አለ ሙዘይን። መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀው ንግግር ጠፋበት። «ወይኒቱ፣ ዘጠነኛው የዝናቡ አይደለም።»

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። «ምኑ?»

«መቃብሩ። ካሜራዬ ያን ቀን ሁለት ሰው አንድ ላይ ደርባ ነበር። ስድስተኛው ላይ። ዛሬ ነው ያገኘሁት። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ተዛንፏል። ዝናቡ አሥረኛው ነው።»

ወይኒቱ ወደ መሪጌታ አየች። መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ።

«እርግጠኛ ነኝ ብለኸኝ ነበር።»

«ብዬሽ ነበር።»

«ዘጠነኛው ውስጥ ማነው ያለው?»

«ስምንተኛው ፎቶ ላይ ያለው ሰው ነው። ማን እንደሆነ አላውቅም። እስካሁን የመጣለት የለም።»

«የማላውቀው ሰው ነዋ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «የልጆቹን ውጤት ስነግረው የነበረው፣ ቤቱ ዘመመ፣ ምን ላድርግ እያልኩ ስጠይቀው የነበረው፣ የማላውቀው ሰው ነው። የእኔው ሰውዬ አጠገቤ ሆኖ ጀርባዬን ነበር የሚያየው።»

ወይኒቱ ሁለቱንም በየተራ አየቻቸው።

«ይሄን ማን ያውቃል?»

«እኔና መሪጌታ።»

«ታዲያ ለምን ነገርከኝ?» አለች። «ሁለት ቀን ነበር የቀረኝ። ሁለት ቀን።»

ጨርቁን አጣጥፋ አልጋው ላይ አኖረች። ወደ እነሱ መጣችና ሁለቱንም ሳትነካ፣ ከደጃፉ እስኪወጡ ጠብቃ በሩን ዘጋችው። ከውስጥ መቀርቀሪያው ሲገባ ተሰማ።

መሪጌታ፣ «እንሂድ፤ ዛሬ ይብቃት» አሉ።

«አንቱ ይሂዱ» አለ ሙዘይን። እሱ በራፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ይቅርታ ልጠይቅ ብሎ አይደለም፤ የሚጠይቅበትም ቃል አልነበረው። ቀና ብሎ መሄድ ስላቃተው ነው። መሪጌታ ግራ ገብቷቸው እያዩት ቆዩና እሳቸውም ከድንጋዩ ሌላ ጫፍ ተቀመጡ። አሣ አስጋሪዎቹ መረባቸውን በትከሻቸው ይዘው እያለፉ ሰላምታ ሰጧቸው። ከቤቱ ውስጥ ልቅሶ ይጠብቁ ነበር፤ አልተሰማም።

ፀሐይዋ ወደ ተራራው ስታዘነብል ወይኒቱ ከበሩ ወዲያ ሆና ተናገረች።

«አሥረኛው ላይ ምን አለ?»

«ምንም» አለ ሙዘይን። «ድንጋይ ብቻ።»

«ሰው ይረግጠዋል?»

ሙዘይን መልሱን ያውቀዋል። ወደ ዘጠነኛው የሚወጣ ሰው፣ ወይኒቱም ራሷ፣ አሥረኛው ላይ ተሻግሮ ነው የሚያልፈው።

«ይረገጣል» አለ።

ከዚያ መቀርቀሪያው ተነሳና በሩ እስከ ግማሽ ተከፈተ። ፊቷ ደርቋል፤ ዓይኗ ብቻ ቀልቷል።

«ፍቅርአዲስ ከትምህርት ቤት ልትመጣ ነው» አለች። «አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሲሚንቶው ላይ የአባቷን ስም የጻፈችው እሷ ናት፤ በራሷ እጅ። እኔ ይሄን ለልጄ አልነግርም። አልችልም። አንተ ትነግራታለህ። እንደነገርከኝ ሳይሆን ከመጀመሪያው ጀምረህ፤ እንዴት እንደቆጠርክ፣ እንዴት እንደሳትክ። የምትጠይቅህንም ሁሉ ትመልስላታለህ።»

መሪጌታ አፋቸውን ከፈቱ። ሙዘይን በእጁ አስቆማቸው።

በሠፈሩ መግቢያ ደብተራቸውን ያቀፉ ሦስት ልጃገረዶች ታዩ። አንደኛዋ ከሌሎቹ ተለይታ ወደዚህ ታጠፈች። በራፉ ላይ ሰዎች ተቀምጠው ስታይ እርምጃዋን አፈጠነች።

ሙዘይን ተነሳና ሊቀበላት ወደ መንገዱ ወረደ።